አንቀልባና ቀበቶ፦ ከልጄ ጋር አምስት ቀን በወሎ

ሐሙስ፣ ጥር 14

አዲስ አበባ ካለው ቤታችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወጣነው ሳይነጋ ነው። በአንድ እጄ የሃያ ወር ልጄን፣ በሌላው ሰባት ኪሎ የሚመዝነውን የመኪና ወንበሯን ይዣለሁ። ሻንጣውን የግቢው ጥበቃ እስከ በር አደረሱልኝ።

ታክሲ በጠራሁበት መተግበሪያ የምነሣበትን ቦታ፣ የምሄድበትንና የመኪናውን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። ሕፃን መያዜን የምናገርበት ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ ሹፌሩ «የት ጋ ነሽ?» ብሎ ሲደውል ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እነግረዋለሁ፦ ሕፃን አለችኝ፣ የራሷ ወንበር አላት፣ ለማሰር አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ የኋላ ወንበርህ ቀበቶ ይሠራል ወይ? የመጀመሪያው ሹፌር «እሺ» ብሎ ዘጋና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጉዞውን ሰረዘ። ሁለተኛው «ቀበቶማ አለ» አለኝና መጣ። እውነቱን ነው፣ ቀበቶው አለ። መሰኪያው ግን አይታይም።

ይህ የአንድ ሹፌር ጥፋት አይደለም። እኛ አገር መኪና እንደተገዛ የወንበር ልብስ ይሰፋለታል። የኋላው ልብስ ወጥ ሆኖ ሲለብስ መሰኪያዎቹ ከሥሩ ተቀብረው ይቀራሉ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው መታጠቅ ስላልለመደ የሚፈልጋቸው የለም፤ ዓመታት ያልፋሉ። ሹፌሩ በስልኩ መብራት እያሳየኝ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አንዱን አወጣሁት። አፉ በአቧራና በቆሎ ፍርፋሪ ተሞልቶ ነበር። አራግፌ ሞከርኩት፤ ጠቅ ብሎ ያዘ። ያቺን ድምፅ እንዴት እንደምወዳት!

ወንበሩን የማስረው ልጄ ወደ ኋላ ዞራ እንድትቀመጥ አድርጌ ነው። በጎኑ ሰማያዊ ምልክት ያለበት የቀበቶ መተላለፊያ አለ፤ ወደ ኋላ ለሚዞር ልጅ ቀበቶው የሚያልፈው በዚያ ነው። ቀዩ ወደ ፊት ለሚቀመጥ ነው። ብርቱካናማው የደረጃ ምልክት ላይ እንደተጻፈው፣ ይህ ወንበር እስከ 13 ኪሎ ወደ ኋላ፣ ከ9 እስከ 18 ኪሎ ወደ ፊት ይይዛል። ልጄ 10 ኪሎ ስለሆነች ሁለቱም ይፈቀድላት ነበር፤ እኔ ግን እስከቻለች ድረስ ወደ ኋላ ትዞራለች ብያለሁ። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። መኪና ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረውን ልጅ ጀርባውንም፣ አንገቱንም፣ ራሱንም መደገፊያው አንድ ላይ ይቀበለዋል። ወደ ፊት የተቀመጠው ግን ገላው ታስሮ ራሱ ብቻውን ይወረወራል።

በጉልበቴ ወንበሩን ተጭኜ ቀበቶውን ሳብኩ። ከዚያ ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዤ ግራና ቀኝ ነቀነቅሁት፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ማሰር ነው። አልተንቀሳቀሰም። ሹፌሩ ሲያየኝ ቆይቶ «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ለአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ?» አለኝ። ሊነቅፈኝ አልነበረም፤ ገርሞት ነው። አደጋ መንገዱ እስኪረዝም አይጠብቅም አልኩት።

በረራው አጭር ነው። ወንበሩ ከሻንጣዎች ጋር ተጭኖ ስለመጣ ኮምቦልቻ እንደወረድን መሬት ላይ አስቀምጬ ከሥር እስከ ላይ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ መረመርኩት። ደህና ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት ፊታችን ላይ መጣ። ወንድሜና እናቴ ከደሴ በኮንትራት መኪና ሊቀበሉን ወርደው ነበር። ወንድሜን ከሳምንት በፊት አደራ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኋላ ቀበቶው ከነመሰኪያው የሚሠራ መኪና። ሹፌሩ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነው፤ መኪናው አሮጌ ነጭ ኮሮላ። መሰኪያው እዚህም ተቀብሯል። ሆኖም አስቀድሞ ተነግሮት ስለነበር የወንበሩን ልብስ በአንድ በኩል ፈትቶ ጠበቀኝ።

ክርክሩ የተነሣው ከሹፌሩ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር ነው። ገና በሩ ሲከፈት ገብታ ተቀምጣ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። የልጅ ልጇን ስታያት ከተወለደች ሁለተኛዋ ነው። ልጅቱን ወንበሩ ላይ ላስቀምጣት ስል ፊቷ ጠቆረ።

«እኔ እያለሁ በገመድ ትታሰራለች? ከእቅፌ የሚበልጥ ወንበር አለ?»

«እማዬ፣ እቅፍሽን ማን ያህለዋል። ግን መኪናው ቢጋጭ ልትይዣት አትችይም።»

«አብሽሪ፣ ሁለት እጅ አለኝ። አንቺንም ያሳደግሁሽ በእነዚሁ ነው።»

በአዲስ አበባ ሆኜ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ያኔ ኩንታል ትዝ አለኝ። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ትከብዳለች። «እማዬ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ ከእጅሽ ቢወረወር ትይዢዋለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ኩንታል ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ዕድሜ ልኳን ስታስጭንና ስታራግፍ ኖራለች። እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። አላመነችም፤ ግን ፈቀደች።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሰው ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ዶሮ መዝለያ ላይ መንገዱ በራሱ ላይ እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ። ሹፌሩ ጭነት መኪና ከኋላው እየገፋው እንኳ ጠርዝ ይዞ በቀስታ ነዳ። ልጄ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቁርሷን በሙሉ መለሰችው። እናቴ ከቀበቶው ልትፈታት እጇን ሰደደች። «እንዳትፈቺያት!» ብዬ ጮህኩ፤ በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ጥግ ይዞ ቆመ። ከዚያ ፈታናት፣ ጠረግናት፣ ውሃ አጠጣናት። እናቴ እስከ ደሴ አላናገረችኝም።

ማታ የወንበሩን ልብስ አውልቄ አጠብኩ። ማሰሪያዎቹን ግን በዱቄት ሳሙና መዘፍዘፍም፣ በረኪና ማስነካትም አይገባም፤ የተሠሩበት ክር እየደከመ ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅና በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግሜ ጠረግኋቸው። በጥር የደሴ ሌሊት የታጠበ ነገር አይደርቅም። እናቴ ከመተኛቷ በፊት ምንም ሳትል የወንበሩን ልብስ ወስዳ ከምድጃው አጠገብ ዘረጋችው።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት ጦሳ ተራራ ጭጋጉን አውልቆ ቆሟል። ዛሬ መኪና የለም። ደሴ ውስጥ የሚሽከረከረው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ቀበቶ የለውም፤ ሁለት ጎኑም ክፍት ነው፤ የልጄን ወንበር የማስርበት ነገር የለውም። ስለዚህ ቅርብ ለሆነው ሁሉ ልጄን በእናቴ አንቀልባ አዝዬ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ደሴ ዳገት ነች። ከቤታችን ወደ ፒያሳ ስወርድ ቀላል ነበር፤ ስመለስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ግን ልጄ በጀርባዬ ላይ ሆና ላገኘችው ሰው ሁሉ እጇን ታውለበልብ ነበር፤ ከመኪና ወንበሯ ውስጥ ይህን ደስታ አይታው አታውቅም።

የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽም በዚሁ አየነው። እናቴ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ ይለወጣል። «ድሃና ሀብታም የማይለይበት፣ ማንም የማይጠየፍበት ግብር ነበር» ትላለች። ተኮራርፈን አድረን ስለነበር እንዲህ ማውራት መጀመሯ ለእኔ እርቅ ነበር።

ከሰዓት ቡና ተፈላ። በቶናው ላይ ወንድሜ ስለ አዲስ አበባው የታክሲ ጥሪ ጠየቀኝ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ በመተግበሪያም ይጠራል፣ በ8294 ደውሎም ይጠራል አልኩት። ኢንተርኔት በማይኖርበት ሰዓት ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ለሰው ስለሚነጋገር ሕፃን እንዳለሽ መናገር ትችያለሽ። ወንድሜ ግን ሌላ ነገር ከንክኖታል። «ይህ ሁሉ መሸከም፣ መፈለግ፣ መጣላት... ያዋጣል?»

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ያሰላውን ነገርኩት፦ በአነስተኛ መኪና ውስጥ የሕፃን ወንበር ከአንድ ዓመት በታች ያለን ሕፃን የመሞት ዕድል በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለውን በ54 በመቶ ይቀንሳል። «ልጅህ ቢሆን ከመቶ 54ን ትተዋለህ?» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠና ለነገው ጉዞ ለሹፌሩ ደወለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። አዲስ አበባ መኪና በሦስት ደቂቃ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን የማላውቀው ሰው ነው፣ ሁልጊዜም ከዜሮ እጀምራለሁ። ደሴ ላይ መኪና ለማግኘት አንድ ቀን ይፈጃል፤ የሚመጣው ግን ቀበቶውን አውጥቶ የሚጠብቅ፣ ትናንት ልጄ ስታስመልስ ያየ፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው ነው። ትንሽ ልጅ ይዤ ስሄድ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በአዲስ አበባም ቢሆን ጥሩ ሹፌር ሳገኝ ስልኩን መያዝና አስቀድሞ መነጋገር አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ልንሄድ ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሹፌራችን የጓደኛው ሚዜ ሆኖ ስለተያዘ ሌላ መኪና ላከልን።

የመጣው መኪና ከውጭ ንጹሕ ነው። የኋላ ቀበቶዎቹ ግን ከሥራቸው ተቆርጠዋል፤ ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል። ሹፌራችን የላካቸው ሰውዬ ጎልማሳና ትሑት ናቸው። «እንግዲያው ከፊት እናስቀምጣት፤ የፊቱ ቀበቶ ደህና ነው፣ እኔም አያታለሁ» አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያስባል። እኔ ግን መሪውን አየሁ፤ ከተሳፋሪው ፊት ለፊትም ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ምልክት አለ። ኤርባግ ሲነፋ ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል፤ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበርን ከጀርባው መትቶ ከልጁ ጋር ወደ መቀመጫው ይደፍቀዋል። ለትልቅ ሰው የተሠራው መድን ለሕፃን ገዳይ ይሆናል። ኤርባጉ ካልተዘጋ በቀር ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ከፊት አይቀመጥም፤ በዚህ ነገር ድርድር አላውቅም።

ለሰውየው የመጡበትን ነዳጅ ከፍለን ሸኘናቸው። ሲሄዱ ዓይናቸው ውስጥ ቅሬታ አየሁ፣ አዘንኩም። እናቴ የጉዞ ልብሷን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሳለችው ስለት ነበራት። ለአንድ ሰዓት ያህል ትክክል መሥራቴን ተጠራጠርኩ። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በዚህ መንገድ በየቀኑ ይሄዳሉ፤ እኔ ማን ነኝ? ከዚያ የተቆረጡት የቀበቶ ጫፎች ዓይኔ ላይ ይመጣሉ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነጩ ኮሮላ መጣ። ሹፌራችን ሙሽሮቹን አድርሶ ከነሙሉ ልብሱ፣ መኪናው ከነሪባኑና ከነአበባው ደረሰልን። በየመንደሩ ያሉ ልጆች ሠርገኛ መስለናቸው እያጨበጨቡ ይሯሯጡ ነበር፤ ልጄም ከወንበሯ ሆና አጨበጨበችላቸው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የገነነ ነው። ሴት ወደ ወንዶች ገዳም ስለማትገባ ወንድሜ የእናቴን ስለት ይዞ ገባ። እኛ ውሃው ዳር ቆየን። ሐይቁ ዝም ብሏል፤ ጥብስ ዓሣ በላን፤ ልጄ ጠጠር ስትወረውር ዋለች። እናቴ ወደ ገዳሙ ዞራ ቆማ ለረጅም ጊዜ ጸለየች። ሳይመሽ ተመለስን። በመመለሻው ልጅቱ ወንበሯ ውስጥ ተኛች፤ እናቴ በመንገዱ ሁሉ ጣቷን አስጨብጣት ነበር። እንዲህም ማቀፍ ይቻላል።

እሑድ፣ ጥር 17

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የልጄ ገላ እንደ እሳት ነደደኝ። ውሃ አልወስድ አለች፣ ትቃትታለች። ሹፌራችን ስልኩን አያነሣም፤ ከሠርግ ገብቶ ተኝቷል። ወንድሜ ወደ መንገድ ወጥቶ ያገኘው አንድ ባጃጅ ነው።

ተሳፈርኩ። ሌላ አልነበረም። ልጄን በደረቴ ላይ አድርጌ እናቴ አንቀልባውን ከእኔ ጋር አጥብቃ አሰረችልን። ከሁለቱ ክፍት ጎኖች ርቄ መሐል ላይ ተቀመጥኩ፤ እናቴ በግራ፣ ወንድሜ በቀኝ ተጠጉኝ። ለሹፌሩ «ወንድሜ፣ ብንዘገይም ግድ የለም፣ በዝግታ ንዳልኝ» አልኩት። ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዘ ወረደ። ይህ ደህንነት ነው አልልም፤ አንቀልባ የመኪና ቀበቶ አይደለም። የታመመ ልጅ ግን እስኪነጋ አይጠብቅም። ማንም እናት ባጃጅ ውስጥ ልጇን አቅፋ ሳይ ከእንግዲህ የምፈርድባት አይደለሁም።

የጉሮሮ ሕመም ነው ተባለ። መድኃኒት ተሰጣት፣ ንጋት ላይ ትኩሳቱ በረደ። ቀኑን ሙሉ ተኛን።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬ ተመላሽ ነን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ እናቴ ለልጅቱ ወፍራም ጃኬት አልብሳ አዘጋጅታታለች። አወለቅሁት። «ከታመመች ገና ሁለት ቀን አልሞላትም!» አለች። ጃኬቱን መልሼ አለበስኳት፣ ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ማሰሪያውን አጠበቅሁ። ከዚያ የማሰሪያውን ርዝመት ሳልነካ ፈትቼ አውጥቼ ጃኬቱን አወለቅሁና መልሼ አሰርኳት። በማሰሪያውና በደረቷ መካከል የእናቴ ጭብጥ ገባ። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ያ ሁሉ ክፍተት ይሆናል፤ ልጅ በዚያ ትሾልካለች። እናቴ ጭብጧን አውጥታ እንደገና አስገባች።

«እንደ ላላ አንቀልባ» አለች።

«እንደዚያው ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ በኋላ እኔን አላስነካችኝም። ማሰሪያውን ራሷ ሳበች፤ የልጅቱ ትከሻ ላይ ሲደርስ በሁለት ጣቶቿ ልትቆነጥጠው ሞከረች፤ ጨርቁ አልተያዘላትም። ልክ ነው፣ መፈተኛውም ይኸው ነው። ስድስት ልጆች አዝላ ያሳደገች ሴት ጥብቀትን ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ጋቢዋን አውልቃ በማሰሪያው ላይ፣ ከላይ፣ አለበሰቻት።

ሹፌራችን የኋላውን በር ሲከፍት መሰኪያዎቹን ለመፈለግ ጎንበስ አልኩ። መፈለግ አላስፈለገኝም። የወንበሩ ልብስ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ተከፍተው ጠርዛቸው በልብስ ሰፊ ተዘምዝሟል፤ ሦስቱም መሰኪያዎች ላይ ወጥተው ቆመዋል። «ትናንት ወስጄ አሰፋሁት» አለኝ ወደ መሪው እየዞረ። «እማማ፣ እርስዎም ይታጠቁ።» እናቴ ታጠቀች። ወንድሜም።

ዶሮ መዝለያን በጭጋግ ውስጥ ወረድን። ልጄ አላስመለሳትም፤ ባዶ ሆዷን ነበር ያወጣኋት። ኮምቦልቻ ላይ እናቴ ጋቢዋን አልወስድም አለች፤ አብሯት ይሂድ አለች።

አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቷል። የጠራሁት መኪና ሲመጣ «ሕፃን አለችኝ፤ የኋላ ቀበቶ አለ?» አልኩት። «አለ፣ እህቴ» አለኝ። ወንበሩን አስገባሁ፣ ጋቢውን አስቀመጥሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብሁና ከወንበሩ ልብስ ሥር እጄን ሰደድሁ።